እንቅርት፣ የኦፕራሲዮን ፍርሃት እና ሂፕኖሲስ፦ ሰሞኑን ያከራከረን ክር

እዚህ መድረካችን ላይ በአንዲት ልጅ ጥያቄ የተከፈተው ክር (ጥያቄውና ከሥሩ የተጻፉት መልሶች) ረዝሟል። መልሶቹ 40 ሊሞሉ ነው፤ ዛሬ ጠዋትም ተጨምሮበታል። ሥራ ላይ ሆናችሁ ያመለጣችሁ ብዙ ስለሆናችሁ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ልንገራችሁ። የማልስማማበት ቦታ ላይ ግን ዝም አልልም። አንዳንዱን መልስ አምኖ የተከተለ ሰው ይጎዳል።

የመክፈቻው ጥያቄ

የጻፈችው የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት። እናቷ ጨርጨር ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ እንቅርቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው ኖሯል። አሁን ግን ከብዷል። ጋደም ሲሉ ትንፋሻቸውን ይይዛቸዋል። ከቤት ሲወጡ በዚያ በድሬ ሙቀት አንገታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ነው። ሐኪሙ መውጣት አለበት ብሏቸዋል። ቀጠሮ ተይዞላቸው ቀርተዋል፤ እንደገና ተይዞላቸው አሁንም ቀርተዋል። የሚፈሩት ቢላውን አይደለም። ማደንዘዣውን ነው። አንዴ ከተኛሁ አልነቃም የሚል ነገር ልባቸው ውስጥ ገብቷል።

ልጅቷ ታዲያ አንድ ቪዲዮ አየች። ቤልጅየም ውስጥ እንቅርት በሂፕኖሲስ፣ ማለትም የሰውን ሐሳብ በንግግር እየመሩ ወደ ሌላ ቦታ በመውሰድ፣ ይወጣል ይላል። እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ ድሬዳዋ ወይም ሐረር የሚሠራው ሰው አለ ወይ? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

መልስ 1 እና 2 እናቷን እግዜር ይማራቸው፣ አላህ ያሽራቸው ብለው የጀመሩ ናቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ጉዳዩ ግን የጨመሩት ነገር የለም።

መልስ 3 ነገሩን በሙሉ ቀልድ አድርጎ አየው። መድረክ ላይ ሰውን እንደ ዶሮ የሚያስጮሁ ሰዎች ናቸው፣ የሚሳተፉትም ተከፋዮች ናቸው ብሎ ዘጋው። መልስ 4 ከእሱ ባሰ። ድግምት ነው፣ እናትሽን ከዚህ ነገር አርቂ ብላ ጻፈች። ይህች ሴት በኋላ ሌላ ነገር ስለተናገረች እመለስባታለሁ።

መልስ 5 ላይ ክሩ መልክ ያዘ። የጻፉት ከዚራ የሚኖሩ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ፈረንሳይኛቸው እንደ ጥንቱ ነው፤ ጉዳዩን በፈረንሳይኛ ፈልገው አንብበው መጡ። ቪዲዮው ላይ ሊጅ የተባለው ከተማ ሊዬዥ እንደሚባል አስተካከሉ። እዚያ ባለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ማሪ ኤሊዛቤት ፌሞንቪል የምትባል የማደንዘዣ ሐኪም ሥራውን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ መንገድ ኦፕራሲዮን ሆነዋል፤ እንቅርትም አለበት። አሠራሩንም ጋሼ በደንብ አስረድተዋል። ታካሚው ከሕይወቱ ደስ ያለውን ጊዜ አስቀድሞ ይመርጣል። ሠርግ ሊሆን ይችላል፣ የባሕር ዳርቻ ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ሲተኛ ሐኪሟ አጠገቡ ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ እያለች ወደዚያ ቦታ ትመልሰዋለች። ሰውየው እንቅልፍ አልወሰደውም። ይሰማል፣ ሲጠየቅም ይመልሳል። ሐሳቡ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የለም።

መልስ 6 ሁላችንም ደግመን ማንበብ ያለብን ነው። ሐረር ውስጥ በማደንዘዣ ሙያ የሚሠራ ልጅ ነው የጻፈው። መጀመሪያ ጋሼን አመሰገነ፣ ቀጥሎ ቪዲዮው የዘለለውን ነገር አመጣ። ሊዬዥ ውስጥ በባዶ ንግግር ብቻ አንገቱ የሚቀደድ ሰው የለም። አንገቱ ላይ ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ይወጋል። በደም ሥሩ ደግሞ ትንሽ የሚያረጋጋና ሕመም የሚያስታግስ መድኃኒት ይሰጠዋል። ሂፕኖሲሱ የሚጨመረው በነዚህ ላይ ነው። ጥቅሙ ሙሉ ማደንዘዣን ማስቀረቱ ወይም መድኃኒቱን መቀነሱ ነው። ሰውየው ካልቻለ ሙሉ ማደንዘዣው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፣ ወዲያው ይሰጠዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው በእኛ አካባቢ እንደማያውቅም ሳይደብቅ ጻፈ። የልጅቷን ተስፋ እንደሚቀንስ እያወቀ እውነቱን መንገሩን አከብርለታለሁ።

መልስ 7 አንድ ፋርማሲስት ነው፤ ነገር በማስረጃ የሚወድ ሰው። ወሬውን ተውትና ቁጥር አምጡ አለ። መልስ 8 አመጣለት። ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ የምታስተምር እህት ናት። ኒው ዮርክ ውስጥ ጡታቸው ላይ ኦፕራሲዮን የሚደረግላቸው 200 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ ከኦፕራሲዮኑ በፊት 15 ደቂቃ ሂፕኖሲስ ተሠራላቸው፤ ሌሎቹን የሥነ ልቦና ባለሙያ ያንኑ ያህል ጊዜ አጫወታቸው። ሂፕኖሲስ ያገኙት ያነሰ ማደንዘዣ ፈለጉ። ከዚያ በኋላም ሕመሙ፣ ማቅለሽለሹና ድካሙ ቀለል አላቸው። ጥናቱ የወጣው በ2007 ነው። በ2000 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በደም ሥርና በኩላሊት በኩል ቱቦ እየገባ በሚሠራ ሕክምና ላይ 241 ሰዎችን ተከታትሏል። ሂፕኖሲስ ያገኙት ሕመማቸውም ጭንቀታቸውም ቀነሰ፤ ሥራው ራሱ ቶሎ አለቀ።

ፋርማሲስቱ ተቀበለ፤ ግን መልስ 9 ላይ ሌላ ነገር ጨመረ። ሁሉም ሰው እኩል አይደለም። በዚህ ላይ የተሠሩት መለኪያዎች የሚያሳዩት ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆነው ሰው በቀላሉ እንደሚገባበት፣ ያን ያህሉ ደግሞ ጨርሶ እንደማይሆንለት ነው። አብዛኛው ሰው መሀል ላይ ነው። ይህን ሲጽፍ ሊያሸንፍ አልነበረም፤ እናትየው ካልሆነላቸው በራሳቸው እንዳያዝኑ ብሎ ነው። እኔም ልክ ነው እላለሁ።

መልስ 10 ሕመሙ ወዴት ይሄዳል ብሎ ጠየቀ። መምህሯ መልስ 11 ላይ የመለሰችው ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ነው። ካናዳ ውስጥ ሰዎች እጃቸውን በጣም የጋለ ውኃ ውስጥ እንዲያስገቡ ተደርጎ አንጎላቸው በምርመራ መሣሪያ ታየ። በሂፕኖሲስ ሕመሙ ብዙም እንዳያስጨንቃቸው ሲነገራቸው፣ ሙቀቱን የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ሥራውን እንደወትሮው ቀጠለ። የተለወጠው ስቃዩን የሚሸከመው ክፍል ነው። ጥናቱ በ1997 ነው የታተመው። እንግዲህ ሰውየው አልዋሸም፣ ሕመሙም ውሸት አልነበረም። ውኃው ያቃጥላል፤ ማቃጠሉ ግን አያንገበግበውም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሕመም ያለበትን ሰው አታስብ ብሎ መገሰጽ እንዴት ባዶ እንደሆነ ገባኝ። አለማሰብን አንድ ሰው አጠገቡ ሆኖ ማገዝ አለበት።

ከመልስ 12 እስከ 15 ጠብ ነው። መልስ 12 የጻፈው ልጅ በ1845 ህንድ፣ ቤንጋል ውስጥ ጄምስ ኤስዴይል የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም ያለ አንዳች መድኃኒት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችን ኦፕራሲዮን ማድረጉን አነሳ። እስከዚህ ልክ ነው። ግዙፍ እባጮችን ሳይቀር ቆርጦ አውጥቷል። ልጁ ግን ከዚህ ተነስቶ መድኃኒት ንግድ ነው፣ አእምሮ ሁሉን ያሸንፋል ወደሚል ሄደ። አጎቱንም ያለ መርፌ ጥርሱን እንዲያስነቅል እንደመከረው በኩራት ጻፈ። አጎቱ ምን እንደሆነ ግን አልጻፈም።

መልስ 13 ሲስተር ናት፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ብዙ ዘመን የሠራች። አልማረችውም። ያ ሐኪም ያን ያደረገው ሌላ ስላልነበረው ነው አለች። ኤተር ቦስተን ውስጥ ለሕዝብ የታየው በ1846 ነው። እሱ እንደመጣ ዓለም ሁሉ ወደ እሱ የሄደው ተታሎ ሳይሆን ኤተር ለሁሉም ሰው ስለሚሠራ ነው። ዛሬ መርፌ እያለ ሰውን ያለ መርፌ ማስቀደድ ጀግንነት እንዳልሆነና ጭካኔ እንደሆነ ፊት ለፊት ነገረችው። ልጁ ተናደደ። መልስ 14 ላይ ነርሶች ሁሉ ተቆጪ ናቸው ብሎ ጻፈ። መልስ 15 ጋሼ ገብተው ልጄ፣ ሲስተርን ይቅርታ ጠይቅ ብለው አበረዱት። ይቅርታውን እስካሁን አላየሁም። እኔ ከሲስተር ጎን ነኝ። ሂፕኖሲስ ማደንዘዣን ያግዛል እንጂ አይተካም፤ በዚህ ላይ መሀል ሰፋሪ አልሆንም።

መልስ 16 ከርዕስ የወጣ መስሎኝ ነበር። በርጫ ላይ ሆኖ ይመስለኛል የጻፈው፣ ምርቃና እኮ ራሱ ሂፕኖሲስ ነው አቦ፣ ቅሞ መግባት አይሻልም ወይ አለ። ብዙ ሰው ሳቀ። የሐረሩ የማደንዘዣ ባለሙያ ግን አልሳቀም። መልስ 17 ላይ ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት እንደሚጨምር፣ ጨጓራ ቶሎ ባዶ እንዳይሆንም እንደሚያዘገይ አስረዳ። ማደንዘዣ ሲሰጥ ጨጓራ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ሊሞት ይችላል። ጾማችሁ ኑ የሚባለው ለዚህ ነው። የለመነን ነገር አንድ ብቻ ነው፦ የምትቅሙ ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው አትደብቁ፣ መቼ መጨረሻ እንደቃማችሁም ንገሩት። ብዙ ሰው አፍሮ እንደሚደብቅ ያውቃል። በእኛ ከተማ ይህ ምክር ብቻውን ለክሩ ዋጋ ሰጥቶታል።

መልስ 19 አንዲት የለገሃር እናት ናት። ሁለተኛ ልጇን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፤ ወገቧ ላይ በሚወጋው መርፌ። ነቅታ ነበር። አረንጓዴው ጨርቅ ከደረቷ በላይ ተዘርግቷል፣ የመሣሪያ ድምፅ ትሰማለች፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ራስጌዋ የተቀመጠችው ባለሙያ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገችና ከየት ሰፈር እንደሆነች ጠየቀቻት። ከዚያ ከባቡር ጣቢያው ፊት ተነስተሽ ወደ ከዚራ ውሰጂኝ አለቻት። እናትየው በዝርዝር መራመድ ጀመረች። ዛፎቹ ከየት ይጀምራሉ? ጥላው በየትኛው በኩል ነው? አሁን ማን ሰላም አለሽ? ምን ሸተተሽ? በመሀል መጎተት ተሰማት፤ ባለሙያዋ መንገዱን አላስቆመቻትም። ሕፃኑ ሲያለቅስ እሷ ገና ከዚራ አልደረሰችም ነበር። ሂፕኖሲስ ይባል አይባል እንደማታውቅ ጻፈች። መምህሯም ስሙ አያስጨንቅሽ፣ መንገዱ ያው ነው አለቻት። ትኩረትን ከጠረጴዛው ላይ ማንሳት፣ ወደ ታወቀና ደስ ወደሚል ቦታ መውሰድ፣ እዚያም በስሜት ሕዋሳት ሁሉ ማቆየት።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ሌላ ሄደ። መልስ 21 የሐረር ልጅ ነው፤ የእኛ እናቶች ከሆኑ በሐሳባቸው በጀጎል በሮች ይዞሩ አለ፣ ስድስቱንም በሮች ቆጠረ። መልስ 22 ጥንታዊዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፣ ስድስተኛው በኋላ ለመኪና የተከፈተ ነው ብሎ አረመው። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ከዚያ ከየትኛው በር ተጀምሮ ወደ የትኛው ይኬዳል የሚል ክርክር እስከ መልስ 24 ቀጠለ። አላስቆምኳቸውም። የሚጨነቅ ሰው ቤት ያለ ሁሉ የራሱን መንገድ እያሰበ እንደነበር ያስታውቃል።

መልስ 25 ቁጣ ነው። ስሙን ያልጠቀሰው አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለወንድሙ ኦፕራሲዮን ጓንት፣ ክርና ማስታገሻ ከውጭ ግዛ ተብሏል። ወንድሙ ከኦፕራሲዮን ወጥቶ ሲያቃስት እሱ መድኃኒት ፍለጋ በባጃጅ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞር ነበር። ማስታገሻ በሌለበት ስለ ቤልጅየም ታወራላችሁ አለን። ቁጣው ትክክል ነው። ማንም ሰው በዚህ ክር ተደግፎ ማስታገሻ ለጎደለበት ታካሚ ዓይንህን ጨፍንና ባሕር አስብ ቢል እኔም እቆጣለሁ። ሲስተር መልስ 26 ላይ አልተከራከረችውም። በመድኃኒቱ በኩል የሚጮኸውን እንዲቀጥል፣ እሷም ከውስጥ እንደምትጮህ ጻፈችለት። ከዚያ ግን በእጃችን ያለውን አንድ ነገር ላንሳ ብላ ስለ አነጋገራችን አመጣች።

መርፌ ሲወጋ አሁን ያምሃል፣ አሁን ያቃጥልሃል ብሎ ማስጠንቀቅ ደግነት ይመስለናል። ግን እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሕመሙንም ጭንቀቱንም እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል። ሲስተር ልማዷን ቀይራለች። አሁን ቆዳህን እነካለሁ፣ ትንፋሽህን ቀስ ብለህ አውጣ፣ እግርህን አክብደህ ጣለው ነው የምትለው። ሰውየው ያማል ወይ ብሎ ከጠየቃት አትዋሸውም። ሳይጠይቃት ግን ሕመምን በአፏ አታስቀድምም። ከዚህ በኋላ ስንት ነርስ እሞክረዋለሁ ብሎ እንደጻፈ ብታዩ!

መልስ 28 የፈላ ዘይት እጁ ላይ የፈሰሰበት ልጅ እናት ናት። ቁስሉ በሚታጠብበት ቀን ፋሻው ደርቆ ተጣብቆ ነበር። ነርሱ ፋሻውን በውኃ እያረጠበ፣ ልጁ ደግሞ የአያቱ ፍየል የት እንደተሰወረች እንዲነግረው ያደርጋል። ፍየሏ ገደል ጫፍ ስትደርስ ልጁ እፍ ብሎ እንዲጠራት ይነግረዋል። እፍ ሲል ፋሻው ይነሳል። አለቀሰ ወይ? አዎ፣ መጨረሻው ላይ አለቀሰ። ማስታገሻም ከመጀመሩ በፊት ተሰጥቶታል። ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ ቤት ውስጥ አልተደበቀባትም።

መልስ 30 አታገኙትም። አንዱ በቴሌግራም ሂፕኖሲስ እሠራለሁ፣ ግማሽ ክፍያ አስቀድሙ ብሎ ነበር። አጥፍቼዋለሁ፣ ወደፊትም አጠፋለሁ። ከታካሚው ሐኪም ጋር የማይነጋገር፣ ፈቃድ የሌለው ሰው በዚህ አይገባም። መምህሯም ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለበት፣ በተለይ የሌለ ነገር ለሚያይ ወይም ለሚሰማ ሰው፣ ባለሙያ ሳይኖር ጭራሽ እንደማይሞከር አሳሰበች።

ከመልስ 31 እስከ 34 የሃይማኖት ነገር ነው። መልስ 4 ላይ ድግምት ያለችው ሴት ተመለሰች። ሰው ፈቃዱን ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል ብላ ስለሰማች እንደፈራች ጻፈች። ይህ የብዙ ሰው ፍርሃት ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው በትሕትና መለሰላት። ታካሚው ፈቃዱ አብሮት ነው፣ የማይፈልገውን እንቢ ይላል፣ ይብቃኝ ካለ ይበቃዋል። አንዲት የሐረር እናት እህታቸው በዚክር እየተረጋጋች ወደ ኦፕራሲዮን እንደገባች ጻፉ። ሌላው ውዳሴ ማርያም በቃሉ እያለ እንደገባ ጨመረ። አንዳንዱ ይኸው ሂፕኖሲስ ነው ሊል ዳዳው፤ እኔ አልልም። ጸሎት የሚጸልይ ሰው ወደ ፈጣሪው ነው የሚናገረው። ግን ትንፋሹ እንደሚረጋ፣ የለመደው ዜማ እንደሚይዘው ማንም አይክድም። ከዚህ ወዲያ ሴትዮዋ አልተከራከረችም።

መልስ 35 የሳቢያኗ ልጅ ናት። ያለ ቀጠሮ ሄዳ ለእናቷ ማደንዘዣውን የሚሰጠውን ባለሙያ ለምና ከእናቷ ጋር አስተዋውቃቸዋለች። ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሙሉ ማደንዘዣ እንደሚሆን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከራስጌያቸው እንደማይነሳ፣ ትንፋሻቸውንና ልባቸውን በምን እንደሚከታተል መሣሪያውን እያሳየ ነገራቸው። እናትየው ብዙ ዝም ብለው ቆዩና ስነቃ አጠገቤ ማን ይኖራል ብለው ጠየቁ። እኔ ነኝ አላቸው። ቀጠሮው ለሚመጣው ሳምንት ተይዟል። እስከዚያ ማታ ማታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጨርጨር ቡና ለቀማ ይወርዳሉ፤ ልጅቷ መምህሯ በጻፈችላት መሠረት ትመራቸዋለች። ከ36 እስከ 38 ያሉት መልሶች መልካም ምኞት ናቸው።

የዛሬ ጠዋቱ መልስ 39 አዲስ ጥያቄ ነው። አባቱ የቡአ ኦፕራሲዮን አለባቸው፤ በወገብ መርፌ ነው የሚሠራላቸው። ቁርአን በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ መቆየት ይፈልጋሉ፣ ይፈቀዳል ወይ ይላል። የሐረሩ ልጅ ወዲያው መለሰለት። እንደየሆስፒታሉ ስለሆነ ከአንድ ቀን በፊት ይጠየቅ፣ ስልኩ ቻርጅ ተደርጎ ድምፁ ዝቅ ይበል፣ ማዳመጫውም አንድ ጆሮ ላይ ብቻ ይሁን። በሌላው ጆሮ ባለሙያው ሲጠራቸው መስማት አለባቸው።